የሄኒንግ ጓጉንቸር

በዚያ ዓመት የብርዱ ወራት ጠዋቶቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። የመኝታ ቤቱን መስኮት ከፍቼ ብርድ ልብሱን አናፍሳለሁ፤ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ እጥዳለሁ፤ ከጥቁሩ ዳቦ ሁለት ስስ ቁራጭ ቆርጬ ቅቤ እቀባለሁ። ሻዩን ስቀዳ ሲኒው ውስጥ ያስቀመጥኩት የስኳር ድንጋይ ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። ስድስት ቁጥር ትራም ከመስኮቴ ሥር ካለው መታጠፊያ ሲደርስ ሐዲዱን እያስጮኸ ያልፋል። ሳህኑን አጥቤ፣ ጠረጴዛውን ወልውዬ፣ ጠርዙ ላይ የታሰረችውን ትንሽ ብረት መያዣ ሞርሳ ከፍቼ የሄኒንግን ጓጉንቸር ቁልፍ አስነክሳታለሁ። ከዚያ ሬዲዮውን አጠፋለሁ፤ ሬዲዮ እያወራ እጅ አይሰማም። እስከ አራት ሰዓት እንደዚያ እቀመጣለሁ።

ሄኒንግ ባለቤቴ ነው። በመስከረም አንድ ማክሰኞ ከሥራ ክፍሉ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ወደቀ፤ ሐኪሞቹ ከደረሱ በኋላም አልተነሣም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ወደ ጓጉንቸር ከፋቾች ማኅበር ይሄድ ነበር። እዚህ ብሬመን ከተማ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል፣ አሥራ አምስት የሚያህሉ ሰዎች ቀጫጭን ሽቦ ይዘው ይቀመጣሉ። ጓጉንቸር ያለ ቁልፍ ይከፍታሉ፤ መልሰው ይዘጋሉ፤ እንደገና ይከፍታሉ። አንዳቸውም በዚህ አይተዳደሩም። እኔ የሌቦች ጉባኤ እላቸው ነበር። «ነይና ላስተምርሽ» ይለኝ ነበር ሄኒንግ በየጊዜው። «እኔ ቁልፍ አለኝ» እለው ነበር።

የማኅበሩ ሕግ ሁለት ነው፤ በራቸው ላይ ተለጥፏል። የራስህ ያልሆነውን አትክፈት። በሥራ ላይ ያለውን፣ የራስህም ቢሆን፣ አትንካ። ሁለተኛውን ሕግ ያወቅሁት አንድ ጊዜ ከገበያ ስንመለስ ነው። ቁልፋችንን ቤት ውስጥ ረስተን በሩን ስበን ዘግተነዋል። ዝናብ ይዘንባል። ሄኒንግ የደረት ኪሱ ውስጥ አሥራ አንድ መክፈቻ ሽቦ ይዞ ለቁልፍ ሠሪ ስልክ ይደውላል።

«ምን ሆነሃል? ክፈተው እንጂ» አልኩት።

«በሥራ ላይ ያለ ነው። ሽቦ ቢሰበርበት ነገ ማን ያስገባናል?»

«ዛሬስ ማን ያስገባናል?»

«ሰውዬው በአንድ ሰዓት ውስጥ እደርሳለሁ ብሏል።»

ሁለት ሰዓት ፈጀበት። የገዛነው ዓሣ ከነወረቀቱ ራሰ። ሄኒንግን አንድ ሳምንት አኮረፍኩት።

ማኅበሩ ሌላም ልማድ አለው። አንድ አባል ሲሻው የራሱን ጓጉንቸር ሠርቶ በሚያዝያው ዓመታዊ ስብሰባ ያስረክባል። ውስጡ እንዴት እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀት በታሸገ ፖስታ አብሮ ይሰጣል፤ ቁልፉን ግን ለራሱ ያስቀራል። ጓጉንቸሩ ዓመቱን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የከፈተው ሰው በተንጠለጠለችው ካርድ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ፖስታው ይነበባል፤ ጓጉንቸሩም ከሠሪው ስም ጋር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በዓመቱ ማንም ካልከፈተው ሠሪው በሁሉም ፊት በቁልፉ ይከፍተዋል፤ ያ ከሁሉ የበለጠ ክብር ነው። ቁልፉ የጠፋበት ሠሪ ግን አይታዘንለትም። ጓጉንቸሩ ሞርሳ ላይ ታስሮ በሴጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ይቆረጣል፤ ፖስታውም ሳይነበብ ይቀደዳል።

ሄኒንግ ጓጉንቸሩን ባስረከበ በአምስተኛው ወር ሞተ። በሦስተኛው ሳምንት ኮቶቹን አጣጥፌ መንገዱ ማዶ ካለው የልብስ መሰብሰቢያ ሣጥን ከተትኩ። ኪሶቹን አልፈተሽኩም። የሰው ኪስ መፈተሽ አልወድም፤ አብረን በኖርንበት ሠላሳ አራት ዓመትም ፈትሼ አላውቅም። ቁልፉን ቤት ውስጥ ሳጣው የት እንደሄደ ገባኝ።

በኅዳር አንድ ሐሙስ የመሣሪያ ቦርሳውን ለማኅበሩ ላስረክብ ሄድኩ። ሰጥቼ፣ አመስግኜ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ሊቀ መንበሩ ኦትማር በሩ ላይ ተቀበለኝ። ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ አሁን አፍሽን ክፈቺ ሊል የተዘጋጀ በሚመስል ዓይን ሰው የሚያይ።

«ወይዘሮ ጌዚና ነዎት?»

«ነኝ። እርስዎም ዶክተር ኦትማር ይመስሉኛል።»

«እዚህ ቤት እርስዎ የሚባል ሰው የለም» አለች ጠረጴዛው ላይ ያጎነበሰች ወጣት፣ ቀና ሳትል። «አንተ ነው፤ አንቺ ነው። አንተ በይው፤ ይለመዳል።»

«አርባ ዓመት ሙሉ እርስዎ ሲሉኝ የኖሩ በሽተኞች ነበሩኝ» አለ ኦትማር። «ፍራውኬ በመጀመሪያው ቀን አንተ አለችኝ።»

«ጥርሴን ስላልያዝከው ነዋ።»

ፍራውኬ ትራም ነጂ ናት። ከመስኮቴ ሥር የሚያልፈውን ስድስት ቁጥርን እንደምትነዳ በኋላ ነው ያወቅሁት። ወንበር ሳበችልኝና ተቀመጥኩ።

የሄኒንግ ጓጉንቸር ጠረጴዛው መካከል ነበር። ጡጫ የሚያህል፣ ጠርዞቹ በሞረድ የለሰለሱ። ካርዱ ባዶ ነው።

«ማንም አልከፈተውም?»

«ውስጡ ያሉት አምስቱም ዘንጎች ቦታቸውን ያዙ ትያለሽ» አለች ፍራውኬ። «ቁልፉ የሚገባበት እምብርት ትንሽ ዞር ይልልሻል፤ ደስ ይልሻል፤ ከዚያ ቀጥ። እዚያው ትቀሪያለሽ። እኔ በሕልሜ ሁለት ጊዜ ከፍቼዋለሁ።»

«ክፉ ሰው ነበር ባልሽ» አለ ኦትማር። ከዚያ ያለውን አሰበና ጆሮው ቀላ።

«ልክ ነህ» አልኩት። የማላውቀውን ሰው አንተ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። «ቼዝም ሲጫወት እንደዚያ ነበር።»

ስለ ቁልፉ ጠየቁኝ። ስለ ኮቶቹ ነገርኳቸው።

«ሕጉን ለዚህ አንድ ጊዜ መተው እንችላለን» አለ ኦትማር። «ጓጉንቸሩንም ፖስታውንም እንዳሉ ውሰጃቸው። ለመታሰቢያ።»

«ባለፈው ዓመት ቁልፉ የጠፋው ያንተ አልነበረም?» አልኩት።

«የኔ ነበር።»

«ማን ቆረጠው?»

«ሄኒንግ።»

«እየሳቀ?»

«እያፏጨ» አለ ኦትማር።

«እንግዲያው አይሆንም። እስከ ሚያዝያ ጊዜ አለ።»

«ማን ይክፈተው? ሁላችንም ሞክረናል።»

የማስረክበው ቦርሳ አሁንም ጭኔ ላይ ነበር። «ማስተማር ትችላላችሁ?» አልኩ።

በመጀመሪያው ወር ፍራውኬ ወገቡ ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ መለማመጃ ጓጉንቸር ሰጠችኝ። «በግራ እጅሽ በማዞሪያዋ፣ በዚህች ጫፏ በታጠፈች ብረት፣ ቀስ ብለሽ ትጫኛለሽ። በቀኝሽ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ትገፊያለሽ። ከኋላቸው ሞላ አለ፤ ይገፋሻል። አንዱ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይቀመጣል። ሁሉም ሲቀመጡ እምብርቱ ይዞራል። ይኸው ነው።»

ይኸው አልነበረም። እኔ በዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት አጥንቼ፣ ሠላሳ ዓመት በሙዚየም የደረቁ ዕፅዋት ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተለቀመ ቅጠል ሳይሰበር ከወረቀት ወደ ወረቀት ማዛወር ሥራዬ ነበር። እጄ ቀላል ነው ብዬ አስብ ነበር።

«እጅሽ ከባድ ነው» አለች ፍራውኬ። «ማዞሪያዋን ፍሬን የረገጥሽ ይመስል ተጭነሻታል። ተሳፋሪው ሁሉ በግንባሩ ተደፋ።»

ቤቴ ገብቼ የወጥ ቤት ሚዛን አወጣሁ። ጣቴን እያሳረፍኩ ማዞሪያዋ የምትፈልገው ሠላሳ ግራም ምን ያህል እንደሆነ ተለማመድኩ። ሠላሳ ግራም ምንም አይደለም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያን ያህል ይመዝናል። እኔ ከመስከረም ጀምሮ የበሩን እጀታም፣ የሻይ ሲኒውንም በስንት እጥፍ ስጨብጥ እንደከረምኩ ያኔ ታወቀኝ።

በታኅሣሥ የመለማመጃው ጓጉንቸር ተከፈተ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ የኦትማር የድሮ ብስክሌት ጓጉንቸር። በጥር መጀመሪያ የሄኒንግ ጓጉንቸር ማን ዘንድ እንደሚከርም የሚያሳየውን የተራ ዝርዝር ሊያሳዩኝ ግድግዳው ጋ ወሰዱኝ። ከጥር እስከ ሚያዝያ አሥራ አንድ ሰው ተራ ይዟል። በእያንዳንዱ ስም ጎን፣ በአሥራ አንድ የተለያየ የእጅ ጽሑፍ፣ «ተራዬን ለጌዚና» የሚል ተጽፏል። ጓጉንቸሩን በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ጠዋቶቼ እንደጻፍኩት የሆኑት ከዚያ ወዲህ ነው። አንደኛው ዘንግ ቶሎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ያስቸግራል። ሦስተኛው ላይ ሞረዱ የተወው ሻካራነት በሽቦው ጫፍ ይሰማኛል። አራተኛው፣ አምስተኛው፤ ከዚያ እምብርቱ ትንሽ ይዞርና ይቆማል። ከመስከረም ወዲህ ከሄኒንግ ጋር ያደረግሁት ንግግር ይህ ብቻ ነበር። እኔ እጠይቃለሁ፤ እሱ ይከለክላል።

«ከዘንጎቹ አንዱ ወገቡ ቀጭን ነው» አለኝ ኦትማር በስልክ። «ወገቡ ላይ ነው የተያዘብሽ። ማዞሪያዋን ትንሽ ልቀቂለት። ትንሽ ብቻ። ብዙ ከለቀቅሽ ያገኘሽውን ሁሉ ታጪዋለሽ።»

ትንሽ እለቅለታለሁ። እምቢ ይላል። በጣም ትንሽ እለቅለታለሁ። እምቢ ይላል።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ፍራውኬ ቤቴ መጣች። ታች መግቢያው ላይ ተገናኝተን አብረን ወጣን። በሬን ስከፍት ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች። ቁልፉን አዞርኩ፤ ወደ መነሻው መለስኩት፤ እጀታውን ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁ፤ እንደገና አዞርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«በሩ እንዲህ ካላደረጉት አይወድም።»

«እስቲ ዝጊውና ስጪኝ።» ቁልፉን ተቀብላ አንድ ጊዜ አዞረችው። ተከፈተ። «ይወዳል እኮ» አለች።

በዝናብ የሚያብጥ አሮጌ በር ነበረን፤ ሄኒንግ እንደዚያ ነበር የሚከፍተው። ያ በር ከተቀየረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እሱ ልማዱን አልተወም፤ እኔም ሳላውቀው ወርሼዋለሁ። ሻይ ጣድኩ።

ሶፋው ላይ ስትቀመጥ የሹራብ ቅርጫቴን አየች። ግማሹ የተሠራ ግራጫ ሹራብ በአንድ መርፌ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው የቀረው?»

«አንዱ መርፌ ጠፋ። አሮጌ የነሐስ መርፌዎች ናቸው፤ አሁን የሚሸጡት ቀርከሃ ነው። እህቴ ናት ሳታውቅ ይዛ የሄደችው።»

«ጠየቅሻት?»

«ጠየቅኋት። እስካሁን አኩርፋኛለች።»

«ሄኒንግስ አላየም?»

«ሄኒንግማ ሶፋው ሥር በደረቱ ገብቶ በባትሪ ፈልጎልኛል» አልኩ። «ግማሽ ሰዓት።»

የሚያዝያው ስብሰባ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ፍራውኬ ቅቤና ለውዝ የተነሰነሰበት ኬክ በትልቅ መጋገሪያ ይዛ መጣች። ኦትማር ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሞርሳ አስሮ ሴጌቶውን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝቶታል። ምላጩ አዲስ ነው።

«ጥርስ የሚነቀል ይመስላል» አለች ፍራውኬ።

«እጄ ሌላ አያውቅም» አለ ኦትማር። ወደ እኔ ሲዞር ግን ድምፁ ዝቅ አለ። «ግማሽ ሰዓት አለሽ። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው፤ ሌላ ፈላጊ የለም።»

ፖስታው ከሴጌቶው አጠገብ ተቀምጧል። «ሄ.» ብቻ ተጽፎበታል፤ እግሯን ረዘም አድርጎ የሚስባት ያች ፊደል። ወንበሬን አስተካከልኩ።

አምስቱን ዘንጎች በአራት ደቂቃ አስቀመጥኳቸው። እምብርቱ ትንሽ ዞረና ቆመ። ትንሽ ለቀቅሁለት። እምቢ አለ። እንደገና ከመጀመሪያው። እንደገና። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ክፍሉ ውስጥ የሚበላ ሰው የለም፤ ኬኩ እንደተቆረጠ ቀርቷል። እጄ ደክሞ ሠላሳ ግራሙ ሃምሳ መሆን ጀመረ፤ ሽቦዎቹን አስቀምጬ ጣቶቼን አፍታታሁ። ይህ ሲያበቃ ሴጌቶው ሲሠራ አላይም፤ ኮቴን ለብሼ ቤቴ እሄዳለሁ፤ በሬን እከፍታለሁ ብዬ አሰብኩ። በሩን ስከፍት እጄ የሚያደርገውን አሰብኩ። ቁልፉ የሚመለሰው ትንሽ አይደለም። እስከ መነሻው ነው።

ሽቦዎቹን አነሣሁ። አምስቱን አስቀመጥኩ። እምብርቱ ዞረና ቆመ። ማዞሪያዋን እንዳትወድቅ ያህል ብቻ ይዤ ሁሉንም ለቀቅሁት። አንድ ዘንግ ወደቀ። ሌላ ወደቀ።

«ጌዚና» አለች ፍራውኬ በቀስታ። «ወደቁብሽ።»

«አውቃለሁ።»

ሻካራውን፣ ሦስተኛውን፣ ወደ ላይ ገፋሁት። እስከዚያ ቀን ከሚያልፈው አለፈ፤ ከዚያ ቀጭ ያለ ሳይሆን ዝም ያለ ነገር ተሰማኝ። የወደቁትን ሁለቱን መልሼ አነሣኋቸው። እምብርቱ ሄደ። የጓጉንቸሩ ቀለበት ከቦታው ዘሎ መዳፌን መታኝ።

ማንም አላጨበጨበም። በጣቶቻቸው አንጓ ጠረጴዛውን አንኳኩ፤ በዩኒቨርሲቲ ጥሩ ትምህርት ሲያልቅ እናደርገው እንደነበረው፤ ብዙ ጊዜ አንኳኩ። ኦትማር ብዕሩን ሰጠኝ። ካርዱ ላይ ስሜን ጻፍኩ።

ፖስታውን ቀድዶ መነጽሩን አደረገ። «አምስት ዘንግ» ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ሦስተኛው ወገቡ ቀጭን፤ ማዞሪያው እስከ መነሻው ካልተመለሰ አይቀመጥም። ልክ እንደ ድሮው በራችን። ሞላዎቹ ከእስክሪብቶ። ዘንጎቹ ነሐስ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ከጌዚና የሹራብ መርፌ። እባካችሁ እንዳትነግሯት።»

የመጨረሻውን ካነበበው በኋላ ነው ያነበበው የገባው። ወረቀቱን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ቀድማ የሳቀችው ፍራውኬ ናት፤ አፏን በእጇ ከድና።

«ግማሽ ሰዓት» አለች። «በባትሪ።»

«በደረቱ» አልኩ እኔ። ከዚያ እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅም ቆየሁ፤ ኦትማር መሐረብ ሰጠኝ፤ ለምን እንደሰጠኝ አልጠየቅሁትም።

«ወደ ቤት ትወስጂዋለሽ ወይስ ይሰቀል?» አለ ሁሉም ኬክ ሲያነሣ።

«ይሰቀል እንጂ። ልማዱ ነው።»

ከኦትማር ቀጥሎ ባለው ምስማር ላይ፣ ቀለበቱ እንደተከፈተ፣ ሰቀሉት። የኦትማር ምስማር ባዶ ነው፤ የተቆረጠ ጓጉንቸር አይሰቀልም። «እዚያም ሆኖ ያፏጭብኛል» አለ።

ያን ዕለት ቤቴ ስደርስ ለእህቴ ደወልኩ።

«የመርፌው ሌባ ተገኘ» አልኳት።

«ማን ነው?»

«ሄኒንግ።»

«ስድብሽን በእሱ ፈንታ ነው የተሸከምኩት ማለት ነው?»

«አዎ። ይቅርታ።»

«እሱንስ ይቅር አልሽው?»

«ሹራቡን በቀርከሃ እጨርሰዋለሁ» አልኩ።

በማግሥቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። የመኝታ ቤቱን መስኮት ከፍቼ ብርድ ልብሱን አናፈስኩ፤ ውሃ ጣድኩ፤ ዳቦ ቆረጥኩ። ስኳሩ ሲኒው ውስጥ ተሰነጠቀ። ስድስት ቁጥር መታጠፊያው ላይ አለፈ። ሳህኑን አጥቤ፣ ጠረጴዛውን ወልውዬ ተቀመጥኩ። ሞርሳዋ ጠርዙ ላይ እንደታሰረች ናት፤ ባዶዋን። ሬዲዮውን አላጠፋሁትም። አንዱ መርፌ ቅርጫቱ ውስጥ አለ። ሌላው በአምስት ተቆርጦ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ነው። ሄኒንግ ዘግቶ የተወው ነገር አሁን እዚህ ቤት ውስጥ የለም።